43 ሰከንድ፦ የጊትሃብ ዳታቤዝ ለሁለት የተከፈለበት ሌሊት

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ እሑድ አመሻሽ ነበር፤ በእኛ ሰዓት ሰኞ ጥቅምት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ከሌሊቱ 7:52። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትሃብ በኔትወርኩ ላይ የተለመደ ጥገና እያካሄደ ነው፤ መድከም የጀመረ የ100 ጊጋቢት ኦፕቲካል መሣሪያ በአዲስ ይተካል። በዚህ መሃል ምሥራቅ ላይ ባለው የኔትወርክ መጋጠሚያና በዋናው ዳታ ሴንተር መካከል ያለው መስመር ተቋረጠ። በ43 ሰከንድ ተመለሰ።

43 ሰከንድ ስልክ ተደውሎ እስኪነሳ ያለች ጊዜ ናት። ጊትሃብ ግን ሙሉ ጤንነቱን ያገኘው ከ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ በኋላ ነው።

ኩባንያው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ምን እንደተፈጠረ በየሰዓቱ የሚዘረዝር ዘገባ አወጣ። ክላስተር (አብረው የሚሠሩ የሰርቨሮች ስብስብ) የሚተክልና የሚጠብቅ ሁሉ ይህን ጉዳይ ቢያጠናው ብዬ እመኛለሁ። በዚያ ሌሊት የተቃጠለ ሰርቨር የለም፤ የተሳሳተ ትዕዛዝ ጽፎ ዳታ ያጠፋ ሰውም የለም። እያንዳንዱ ክፍል እንደተስተካከለለት ሠራ። ማሽኑ «ዋናው ከሞተ በሕይወት ካሉት አንዱን ሹም» ተብሎ ነበር፤ ሾመ። ምን ያህል ርቀት ሄዶ መሾም እንደሚችል የነገረው ግን አልነበረም።

ሰዓቶቹን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

የክላስተሮቹ አሠራር

ጊትሃብ ላይ የምናስቀምጠው ኮድ ራሱ ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ውስጥ አይደለም። በማይኤስኪውኤል ያለው በኮዱ ዙሪያ ያለው ነገር ነው፦ ፑል ሪኩዌስቱ (የኮድ ለውጥ ይግባልኝ ጥያቄው)፣ የኢሹ (የችግር ሪፖርት) ውይይቱ፣ አስተያየቱ፣ የተጠቃሚው ማንነት። ይህ ሁሉ በአንድ ዳታቤዝ ስለማይቻል ለብዙ ክላስተሮች ተከፋፍሏል። የክላስተሮቹ መጠን ያኔ ከመቶዎች ጊጋባይት እስከ 5 ቴራባይት ገደማ ይደርስ ነበር። እያንዳንዱ ክላስተር አንድ ዋና አለው፤ ጽሑፍ፣ ማለትም የሚመዘገብ አዲስ መረጃ፣ የሚቀበለው እሱ ብቻ ነው። ከሥሩ ሪፕሊካዎች አሉ፤ በአንዳንዱ ክላስተር በደርዘን የሚቆጠሩ። እነሱ ከዋናው እየቀዱ ንባብ ያስተናግዳሉ። ዋናዎቹም አፕሊኬሽኑም የሚኖሩት ምሥራቅ ጠረፍ ላይ ነበር።

ዋናው ቢሞት ማን ይተካው? ይህን የሚወስነው ኦርኬስትሬተር የተባለ መሣሪያ ነው። ክላስተሮቹን ይከታተላል፣ ዋናው መሞቱን ሲያረጋግጥ አንዱን ሪፕሊካ ይሾማል፣ ሌሎቹን ከአዲሱ ዋና ሥር ያሰልፋል። ኦርኬስትሬተር ራሱ በአንድ ማሽን ላይ ቢቀመጥ ማሽኑ ሲወድቅ ጠባቂ አይኖርም። ስለዚህ በሦስት ቦታ ተቀመጠ፦ በምሥራቁ ዋና ዳታ ሴንተር፣ በምዕራብ ጠረፍ ዳታ ሴንተር፣ ምሥራቅ ባለ ፐብሊክ ክላውድ። በመካከላቸው ራፍት የተባለው የስምምነት ደንብ ይሠራል። አንዱ መሪ ይሆናል፤ ውሳኔ የሚጸናው አብላጫው ሲገኝ ነው። ምልዓተ ጉባኤ ማለት ነው። ከሦስት ሁለት፣ ከአምስት ሦስት። መሪው ከአብላጫው ከተነጠለ ሥልጣኑን ይለቃል፣ የቀሩት ሌላ ይመርጣሉ።

እስከዚህ ድረስ የትኛውም ጠንቃቃ ኢንጂነር የሚነድፈው ነው። ከዚያ ሌሊት አራት ወር ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 2010 ዓ.ም. የጊትሃብ የዳታቤዝ ቡድን ስለዚሁ አሠራር በይፋ ጽፎ ነበር። ሁለት ነገሮች ከዚያ ጽሑፍ መታወስ አለባቸው። አንደኛ፣ ዋናው ሲወድቅ ጠቅላላ መቋረጡ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ሰከንድ ብቻ ነው ይላል። ሁለተኛ፣ አንድ ዳታ ሴንተር ከነዋናው ቢነጠል እዚያው ያሉት አፕሊኬሽኖች ለዋናው መጻፋቸውን እንደሚቀጥሉና መስመሩ ሲመለስ አለመጣጣም ሊፈጠር እንደሚችል በግልጽ አስቀምጧል። ማስተካከያ እየሠሩለትም ነበር። አደጋው ያልታሰበ አልነበረም፤ ታስቦ፣ ተጽፎ፣ መፍትሔው ገና በሥራ ላይ ሳለ ደረሰ።

በ43ቱ ሰከንድ ውስጥ

እንግዲህ 10 ሰከንድና 43 ሰከንድን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ። መስመሩ ለ5 ሰከንድ ብቻ ቢቋረጥ ኖሮ ምናልባት ማንም አያስታውሰውም ነበር። ለሰዓታት ቢቋረጥ ደግሞ ወደ ምዕራብ መሻገሩ ትክክለኛ ውሳኔ ይሆን ነበር። 43 ሰከንድ ግን ለማሽኑ በቂ ነው፣ ለሰው አይበቃም። ማንም ኢንጂነር ስክሪኑን ከፍቶ ከማየቱ በፊት ሹመቱ ተጠናቀቀ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በምሥራቁ ዳታ ሴንተር የነበረው የኦርኬስትሬተር መሪ ከሌሎቹ ተነጠለና ደንቡ እንደሚያዘው መሪነቱን ለቀቀ። ምዕራቡና ክላውዱ ተገናኙ፤ አብላጫ ሆኑ፤ መሪ መረጡ። አዲሱ መሪ ሲመለከት የምሥራቁ ዋናዎች አይታዩም። ሞተዋል አለና በምዕራብ ያሉ ሪፕሊካዎችን ዋና አድርጎ ሾመ። መስመሩ በተመለሰ ቅጽበት የምሥራቁ አፕሊኬሽኖች አዲሶቹን ዋናዎች አገኙና ጽሑፋቸውን ወደ ምዕራብ መላክ ጀመሩ።

የምሥራቁ ዋናዎች ግን አልሞቱም ነበር፤ የተነጠሉ ብቻ ናቸው። በነዚያ ሰከንዶች ጽሑፍ ተቀብለዋል። ወደ ምዕራብ ያልተሻገረ ጽሑፍ። ምዕራቡ በበኩሉ ከሹመቱ ጀምሮ ምሥራቁ የማያውቀውን ይመዘግባል።

የእድር ጸሐፊን አስቡ። መዋጮ የሚመዘግብበት አንድ ደብተር አለው፤ ምክትሉ ደግሞ በየዕለቱ የሚገለብጥበት ሌላ ደብተር። አንድ ቀን ጸሐፊው የለም ተባለና ምክትሉ ሥራውን ያዘ። ጸሐፊው ግን ቤቱ ሆኖ የሁለት አባላትን ገንዘብ ተቀብሎ ደረሰኝ ሰጥቷል። ምክትሉም በዚያው ተራ ቁጥር ለሌሎች ሁለት አባላት ደረሰኝ ቆርጧል። ሁለቱም ደብተር እውነተኛ ነው። አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ ማለት የከፈለ ሰው «አልከፈልክም» እንዲባል መፍረድ ነው። አንዱን በሌላው ላይ መገልበጥም አይቻልም፤ በአንድ ቁጥር ሁለት ደረሰኝ አለና። በዳታቤዝም እንደዚያው ነው። ሁለት ዋናዎች በየፊናቸው ሲጽፉ ተመሳሳይ መለያ ቁጥር ለተለያዩ ነገሮች ሊሰጡ ይችላሉ፤ በቁጥሩ ላይ የተንጠለጠለው ሌላው መዝገብ ሁሉ አብሮ ይዛባል።

በዚህ ላይ ርቀቱ መጣ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። አህጉሩን ለማቋረጥ 4,000 ኪሎ ሜትር ብንል ደርሶ መልሱ በትንሹ 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ እውነተኛው መስመር ጠምዛዛ ስለሆነ ከዚያ ይበልጣል። አንድ ገጽ ለመክፈት 20 ጥያቄ ተራ በተራ ለዳታቤዙ የሚላክ ቢሆን በአንድ ሕንፃ ውስጥ ማንም የማያስተውለው ጊዜ አሁን ከ800 ሚሊሰከንድ በላይ ይሆናል። የጊትሃብ አፕሊኬሽን ዋናው ከጎኑ እንዳለ ታስቦ የተሠራ ነው። ዋናው አህጉር ሲሻገር በጽሑፍ ላይ የሚመሠረተው አገልግሎት ሁሉ ተንቀራፈፈ፤ ብዙው ጭራሽ አልሠራም።

ሰዎቹ ሲደርሱ

ከሌሊቱ 7:54 የክትትል ሥርዓቱ ማንቂያ መላክ ጀመረ። 8:02 ላይ ተረኞቹ ኢንጂነሮች የብዙ ክላስተሮች አሰላለፍ ባልተጠበቀ ሁኔታ ላይ እንዳለ ተረዱ፤ ኦርኬስትሬተርን ሲጠይቁት የሚያሳያቸው የምዕራብ ሰርቨሮችን ብቻ ነው። 8:07 ላይ አዲስ ኮድ ወደ ሥራ እንዳይገባ ቆለፉ። ይህች የመጀመሪያ እርምጃ ትንሽ ብትመስልም ትልቅ ናት፤ እየመረመሩት ያለው ነገር ከሥራቸው እየተለወጠ ከሄደ ምርመራው ዋጋ የለውም። 8:13 ላይ የአገልግሎት ሁኔታ ገጹ ቀይ ሆነ፤ ወዲያውም ተጨማሪ የዳታቤዝ ኢንጂነሮች ተጠሩ።

ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ ነው። ቡድኑ አማራጮቹን በሚመዝንበት ጊዜ ምዕራቡ ለ40 ደቂቃ ገደማ ጽሑፍ ተቀብሏል። ምሥራቁ ያልተሻገረ የጥቂት ሰከንድ ጽሑፍ ይዟል። ዋናነቱን ወዲያው ወደ ምሥራቅ ቢመልሱት ጣቢያው በደቂቃዎች ውስጥ ይፈጥናል፤ ቀይ የነበረው ገጽ አረንጓዴ ይሆናል፤ የ40 ደቂቃው የተጠቃሚዎች ሥራ ግን ይጠፋል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚጠብቀው አገልግሎት ቆሞ፣ ፈጣኑ መንገድ እጃቸው ላይ ሆኖ፣ አልሄዱበትም። የመረጃው ታማኝነት ከፍጥነትም ከአገልግሎቱ ምቾትም ይቀድማል ብለው ወሰኑ። 8:19 ላይ ደግሞ ዌብሁክ (ለሌሎች ሥርዓቶች የሚሄድ የክስተት ማሳወቂያ) መላክንና የጊትሃብ ፔጅስ (ድረ ገጽ የሚሠራበት አገልግሎት) ግንባታን በፈቃዳቸው አቆሙ፤ ገና በሁለት ደብተር ያለን መረጃ ይዘው ተጨማሪ ጽሑፍ እንዳይከመር።

በእንዲህ ያለ ሌሊት ላይ የተቀመጠ ሰው አለቃው «መቼ ነው የሚመለሰው?» እያለ ሲደውል የሚሰማውን ግፊት ሥራውን የሠራ ያውቀዋል። የቆመ አገልግሎት ነገ ይነሳል። ለደንበኛው «ተመዝግቧል» ተብሎ ከተነገረው በኋላ የጠፋ መረጃ ግን ምንም አይመልሰውም። ትክክል ወስነዋል ብዬ አምናለሁ።

መልሶ ማቋቋም

9:05 ላይ ዕቅዱ ተነጠፈ፦ ምሥራቁን ከባክአፕ እንደገና መገንባት፣ ከምዕራቡ ጋር እስኪስተካከል ማስቀዳት፣ ዋናነቱን ወደ ምሥራቅ መመለስ፣ ከዚያ የተጠራቀመውን ወረፋ ማስኬድ። 9:41 ላይ ሥራው ተጀመረ።

ባክአፕ ነበራቸው። በየአራት ሰዓቱ ይወሰድ ነበር፤ መልሶ የማንሳት ሂደቱም ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ይፈተን ነበር። ይህ ብዙ ድርጅት የማያደርገው ነው። ሆኖም ባክአፑ የተቀመጠው ሩቅ፣ በፐብሊክ ክላውድ ማከማቻ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት አንድን ሙሉ ክላስተር ከባዶ ከባክአፕ መገንባት ግድ ብሏቸው አያውቅም፤ ሆን ተብለው ወደ ኋላ እንዲዘገዩ የተደረጉ ሪፕሊካዎች ይበቋቸው ነበር። አሁን ብዙ ቴራባይት በአንድ ጊዜ በመስመር መምጣት ነበረበት።

እዚህ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ያስፈልጋል። 5 ቴራባይት በ10 ጊጋቢት መስመር፣ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ለእናንተ ተለቆ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። በ1 ጊጋቢት 11 ሰዓት ያልፋል። ይህ ማጓጓዙ ብቻ ነው። ከዚያ የታመቀውን መፍታት፣ በቼክሰም (ቅጂው አለመበላሸቱን በሚያሳይ ቁጥር) ማረጋገጥ፣ ማዘጋጀት፣ ወደ ሰርቨሩ መጫን አለ። ባክአፕን ስንፈትን አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው «ይነሳል ወይ?» ብለን ነው። «ሁሉም በአንድ ላይ ቢጠየቁ በስንት ሰዓት ይነሳሉ?» የሚለው ሌላ ፈተና ነው፤ መልሱም ከባክአፑ ጥራት ይልቅ ባክአፑ ባለበት ቦታና በመስመሩ ስፋት ይወሰናል። የጊትሃብ ኢንጂነሮች ራሳቸው በሂደቱ መሃል በቀጥታ ከምዕራቡ ዳታ ሴንተር መልሶ የማንሳት መንገድ አግኝተው ፍጥነቱን ጨምረዋል።

ከጠዋቱ 3:51 የተወሰኑ ክላስተሮች ምሥራቅ ላይ ቆመው ከምዕራቡ መቅዳት ጀመሩ። ቡድኑ የቀረውን ጊዜ ከቅጂው ፍጥነት አሰላና ሁለት ሰዓት ይበቃል ብሎ ለተጠቃሚዎች አሳወቀ። ሪፕሊካዎቹ የተስተካከሉት ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ስሌቱ የተሳሳተው መዘግየቱ በእኩል ፍጥነት ይቀንሳል ተብሎ ስለታሰበ ነው። ወደ ኋላ የቀረ ሪፕሊካ ያመለጠውን እየሮጠ ሲቀዳ አዲስ ጽሑፍም ከፊቱ ይጨመርበታል፤ በዚያ ላይ ንባብም ያስተናግዳል። መጀመሪያ በፍጥነት ይቀርባል፣ ወደ መጨረሻው እየተጎተተ ይሄዳል። በዚያ ቀን ደግሞ አውሮፓ ሥራ ገባ፣ አሜሪካም ነቃ፤ ጽሑፉ በዛ።

በዚህ ሰዓት ለሕዝብ የተዘጋጀው ማብራሪያም ቶሎ አልወጣም። የኩባንያው ብሎግ ያኔ የሚገነባው በጊትሃብ ፔጅስ ነበር፤ የፔጅስ ግንባታ ደግሞ ሌሊት ራሳቸው አቁመውታል። ጽሑፉ ብዙ ከተደከመበት በኋላ ከረፋዱ 4:46 ወጣ። የአደጋ ጊዜ መገናኛችሁ አደጋው በደረሰበት ሥርዓት ላይ የቆመ መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ።

ከቀኑ 8:12 ሁሉም ዋናዎች ወደ ምሥራቅ ተመለሱ። ፍጥነቱ ተስተካከለ፤ ሆኖም በደርዘን የሚቆጠሩ ሪፕሊካዎች በሰዓታት ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። ተጠቃሚው ገጹን ሲከፍት ከአንዱ ሪፕሊካ ትኩስ መረጃ ያገኛል፤ እንደገና ሲከፍተው ከሌላው የጠዋቱን ያያል። የጻፈው አስተያየት ይታየዋል፣ ይጠፋበታል፣ ይመለሳል። ከአመሻሹ 10:15 የቀኑ ከፍተኛ ጫና እየቀረበ መጣ፤ ቡድኑ ግን ቀደም ብሎ በምሥራቁ ፐብሊክ ክላውድ ላይ ተጨማሪ ሪፕሊካዎች መትከል ጀምሮ ነበር። ዘዴው ግልጽ ነው፦ ንባቡ በብዙዎች ላይ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ሪፕሊካ ያመለጠውን ለመቅዳት ትንፋሽ ያገኛል። ከምሽቱ 1:24 ሁሉም ተስተካከሉ።

የቀረው ወረፋ ነበር፤ ከ5 ሚሊዮን በላይ የዌብሁክ ክስተቶችና 80,000 የፔጅስ ግንባታዎች። ማስኬድ ሲጀምሩ 200,000 ገደማ የዌብሁክ መልእክቶች በውስጥ የተሰጣቸው የቆይታ ጊዜ አልፎባቸው እየተጣሉ መሆኑን አወቁ፤ አቁመው ጊዜውን አራዘሙ። ያ የቆይታ ጊዜ በደህናው ቀን ማንም የማያስበው ቁጥር ነው፤ ወረፋው ለአንድ ቀን ሙሉ ይቆማል ብሎ ያሰላው የለም። ማክሰኞ ከሌሊቱ 8:03 ገጹ አረንጓዴ ሆነ።

የተለወጠውና የእኛ ክላስተር

ጊትሃብ የወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ የአንድ ማስተካከያ ጉዳይ ነበር፦ ኦርኬስትሬተር ከአንዱ ክልል ወደ ሌላ ክልል አሻግሮ ዋና እንዳይሾም ተከለከለ። በአንድ ክልል ውስጥ መሪ መለወጥ አስተማማኝ ነው፤ አህጉር መሻገር ግን ሰው የሚወስነው ሆነ። በረጅሙ ደግሞ አንድ ሙሉ ዳታ ሴንተር ቢጠፋ ተጠቃሚው የማያውቅበትን አሠራር ለመገንባት ተነሱ፤ መላ ምታቸውን የሚፈትኑትም ሆን ብለው ብልሽት በመፍጠር እንዲሆን ወሰኑ።

ሦስት ወይም አምስት ሰርቨር ያለው ሰው ከዚህ ምን ይወስዳል? ብዙዎቻችን ፌይልኦቨርን (ዋናው ሲወድቅ ወደ ተተኪው መሻገርን) የምንፈትነው የዋናውን ኃይል ነቅለን ነው። ዋናው ይሞታል፣ ሪፕሊካው ይነሳል፣ ደስ ብሎን ወደ ቤት እንሄዳለን። የሞተ ዋና ግን አይጽፍም። አደገኛው በሕይወት ያለው የተነጠለው ነው። ስለዚህ ኃይሉን ሳትነቅሉ በፋየርዎል ብቻ ዋናውን ከሌሎቹ ለይታችሁ፣ አፕሊኬሽን ከጎኑ ሆኖ እየጻፈ ለአንድ ደቂቃ አቆዩትና ክፈቱት። ከዚያ ሁለቱን አወዳድሩ። የተነጠለው ዋና በስንት ሰከንድ መጻፍ አቆመ? ያቆመው ማነው? «ማንም አላቆመውም» የሚል መልስ ካገኛችሁ የጊትሃብን ሌሊት በቤታችሁ ይዛችሁ ተቀምጣችኋል።

ሁለት ቦታ ብቻ ያላቸው ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ። ሁለት ቦታ ሲለያይ ማንኛውም ወገን «አብላጫው እኔ ነኝ» ማለት አይችልም፤ ከቻለም ሚዛኑ ወደ አንዱ አድልቶ ነው። ዳታ የማይዝ፣ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ትንሽ ሦስተኛ ማሽን ያስፈልጋል፤ ከሁለቱም ጋር በተለያየ መስመር የሚገናኝ። በአንደኛው ሕንፃ ውስጥ ከተቀመጠ ግን ከሕንፃው ጋር አብሮ ይነጠላል።

ሌላው የማሽኑ ትዕግሥት ነው። ፌይልኦቨርን ለማፋጠን ሰከንድ ስንቀንስ አጭር መቋረጥን ወደ ሹመት የመለወጥ ዕድልን እንጨምራለን። በአንድ ሕንፃ ውስጥ 10 ሰከንድ ጥሩ ነው። በከተሞች መካከል ግን መስመሩ በአማካይ ለስንት ሰከንድ ይቋረጣል ብሎ ከክትትል መዝገቡ ማየትና ገደቡን ከዚያ በላይ ማድረግ፣ ወይም ጭራሹን ለሰው መተው ይሻላል።

በምሥራቅ የቀረው የጥቂት ሰከንድ ጽሑፍስ? ጊትሃብ የማይኤስኪውኤልን ባይናሪ ሎግ (እያንዳንዱ ለውጥ የሚመዘገብበትን ፋይል) አስቀምጦታል። በጣም ሥራ ከሚበዛባቸው ክላስተሮች በአንዱ በዚያች መስኮት የተመዘገበው 954 ጽሑፍ ነበር። በርካታ ቡድኖች ተቀምጠው የትኛው በራሱ ሊታረቅ እንደሚችል፣ ለየትኛው ተጠቃሚውን ማነጋገር እንደሚያስፈልግ መለየት ጀመሩ። ከመካከላቸው የተወሰኑት መልሰው ተገኝተዋል፤ ያ ያልሠራላቸው ሰዎች ራሳቸው እንደገና ጽፈው በድጋሚ ልከውታልና።